ለእንግዳ ዋይፋይ በኪውአር ኮድ ማካፈል፦ ከራውተሩ ቅንብር እስከ ጠረጴዛው ካርድ

እንግዳ በመጣ ቁጥር ራውተሩን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልክ መብራት እያነበቡ «ይህ ዜሮ ነው ወይስ ኦ?» መባባል ሊቀር የሚገባው ድካም ነው። ሥራዬ ለመኖሪያ ቤቶች፣ ለትንንሽ ቢሮዎችና ለእንግዳ ማረፊያዎች ኔትወርክ መዘርጋት ነው። መስመሩን ጨርሼ ከመውጣቴ በፊት ለእንግዶች የሚሆን ኮድ ሠርቼ፣ ሞክሬና አትሜ አስቀምጣለሁ። የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው። ዓይናቸው የደከመ፣ ጣታቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም ደግሞ ለመጠየቅ የሚሳቀቁ ሰዎች ግን ካሜራቸውን ደቅነው ብቻ ሲገናኙ ሳይ፣ ከሠራሁት ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ብዙ ሰዎች ኮዱ የይለፍ ቃሉን የሚደብቅ ይመስላቸዋል። አይደብቅም። ጥቁርና ነጩ ካሬ የኔትወርኩን ስምና የይለፍ ቃሉን እንዳለ፣ ያለ ምንም ምስጠራ የተሸከመ ጽሑፍ ነው፤ ኮዱን ፎቶ ያነሳ ሰው ቁልፉን ቀድቷል ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጀምሮ ማንኛውም የተገናኘ ስልክ ያንኑ ኮድ በራሱ ስክሪን ላይ ማሳየት ስለሚችል፣ ለአንድ ሰው የሰጣችሁትን እርሱ ለሌላ መስጠት ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ኮዱን እንዴት እንሥራ ከሚለው በፊት ኮዱ የሚከፍተው የትኛውን በር ነው የሚለው ነው። የቤተሰባችሁ ኮምፒውተር፣ የቢሮው ፕሪንተርና የጥበቃ ካሜራው ያሉበትን መስመር የሚከፍት ኮድ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

የእንግዳውን መስመር መለየት

ዛሬ የሚሸጡ አብዛኞቹ ራውተሮች ለእንግዳ ብቻ የተለየ መስመር የሚከፍት «ጌስት ኔትወርክ» የሚባል አማራጭ አላቸው። ወደ ራውተሩ ቅንብር ለመግባት ከራሱ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ብራውዘር ከፍታችሁ አድራሻውን ትጽፋላችሁ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ካልሆነ ራውተሩ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እዚህ የሚጠየቀው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከዋይፋዩ የተለየ ነው። ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፤ እንግዳ የሚገባበት መስመር ከመክፈታችሁ በፊት ይህ ካልተደረገ የቀረው ጥንቃቄ ብዙም አይረባም።

ጌስት ኔትወርኩን ስትከፍቱ ሁለት ነገሮችን ፈልጉ። አንደኛው እንግዶች ወደ ውስጠኛው ኔትወርክ እንዲገቡ የሚፈቅደው ምርጫ ነው፤ መጥፋት አለበት። ሁለተኛው የእንግዶቹን መሣሪያዎች እርስ በእርሳቸው የሚለየው ነው። ስሙ ከራውተር ራውተር ቢለያይም «አይሶሌሽን» የሚል ቃል አይጠፋውም፤ ይህ ደግሞ መብራት አለበት። አንዱ እንግዳ ይዞት የመጣው በቫይረስ የተጠቃ ኮምፒውተር የሌላውን እንዳይነካ የሚያደርገው እርሱ ነው። የዚህ ዋጋ እንግዳው በእናንተ ፕሪንተር ማተም ወይም ከስልኩ ወደ ቴሌቪዥናችሁ ፊልም መላክ አለመቻሉ ነው። አንዳንድ ደንበኞቼ በዚህ ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን መለያየቱን አላነሳም፤ የሚታተም ነገር ካለ እንግዳው በኢሜይል ልኮላቸው ራሳቸው ቢያትሙለት ይሻላል።

ራውተራችሁ ጌስት ኔትወርክ ከሌለውና ትርፍ ራውተር ካላችሁ ሁለቱን አያይዛችሁ መለየት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙዎች ትርፉን ራውተር ከዋናው ኋላ ይሰኩና ለእንግዶች ይሰጡታል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ከኋላ ያለው ራውተር የራሱን ሰዎች ይከልላል እንጂ ከፊቱ ያለውን አይከልልም፤ ስለዚህ ከኋለኛው ጋር የተገናኘ እንግዳ በዋናው ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ሊደርስባቸው ይችላል። እንግዶቹ በፊተኛው፣ በኢንተርኔቱ በኩል ባለው ራውተር ላይ ይሁኑ፤ ቤተሰቡ በኋለኛው።

የደኅንነቱ ዓይነት ላይ ስትደርሱ ደብሊውፒኤ2ንና ደብሊውፒኤ3ን የሚያቀላቅለውን ምረጡ። ደብሊውፒኤ2 እ.ኤ.አ. በ2004፣ ደብሊውፒኤ3 በ2018 የመጡ ናቸው። አዲሱን ብቻ ብትመርጡ አሮጌ ስልኮች በር ላይ ይቀራሉ። ደብሊውኢፒ የሚለው ጥንታዊ አማራጭ ግን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ መሰበሩ የታወቀ ስለሆነ አትንኩት። እግረ መንገዳችሁን በይለፍ ቃሉ ፋንታ መሣሪያ የሚያገናኘውን፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ባለ 8 አሃዝ ፒን አጥፉ። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደታየው ራውተሩ ፒኑን በሁለት ግማሽ ስለሚያረጋግጥና የመጨረሻው አሃዝ ከቀሪዎቹ የሚሰላ ስለሆነ፣ መቶ ሚሊዮን መሆን የነበረበት ግምት ወደ 11,000 ይወርዳል። የቱንም ያህል ጠንካራ የይለፍ ቃል ብታወጡ ይህ የጓሮ በር ክፍት ከሆነ ዋጋ የለውም።

ስምና የይለፍ ቃል

የኔትወርክ ስም ቢበዛ 32 ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል ሦስት ይወስዳል፤ ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ከ10 ሆሄ በላይ አይገባም። «የእንግዶች መስመር» የሚለው ልክ 10 ሆሄና አንድ ክፍት ቦታ፣ ማለትም 31 ባይት ነው፤ ለጥቂት ይገባል። በራሳችን ፊደል የተጻፈ ስም ስልኬ ላይ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሆኖም አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ያንን ስም የማይነበብ ምልክት አድርገው ስለሚያሳዩትና አንዳንድ የኮድ አንባቢዎችም ስለሚሳሳቱበት፣ ለእንግዳ መስመር በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር ስም እመርጣለሁ። ስሙ መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የቀረች ክፍት ቦታ እንዳትኖር ተጠንቀቁ፤ ለዓይን አትታይም፣ ለስልኩ ግን ሌላ ስም ናት።

የይለፍ ቃሉ ግን በግዕዝ ፊደል ሊሆን አይችልም። ከ8 እስከ 63 የሚደርሱ የላቲን ፊደላት፣ አሃዞችና ምልክቶች ብቻ ናቸው የሚፈቀዱት። ኮዱ መተየቡን ስለሚያስቀርላችሁ ረጅም ለማድረግ አትሳሱ። ካሜራው የተሰበረበት ወይም ላፕቶፕ የያዘ እንግዳ ግን በእጁ መጻፉ አይቀርምና፣ በጭራሽ የማይገናኙ አራት ቃላትን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ጽፋችሁ በአጭር ሰረዝ አያይዟቸው። ለገማች አስቸጋሪ፣ ለጻፊ ቀላል ይሆናል። ከቃላቱ አንዱም የቤተሰብ ስም፣ የልጅ ስም ወይም የድርጅታችሁ ስም አይሁን።

በዚህ የይለፍ ቃል ውስጥ የማይገቡ ምልክቶች አሉ። ምክንያቱን ለማየት የኮዱን ሆድ ከፍተን እንመልከት።

ኮዱ ውስጥ ምን አለ

ካሬው ሲነበብ የሚወጣው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲታይ በእኛ ፊደል ልጻፈው፦

ዋይፋይ:ቲ:ደብሊውፒኤ;ኤስ:የኔትወርኩ ስም;ፒ:የይለፍ ቃሉ;;

በእውነተኛው ኮድ ውስጥ መለያዎቹ የላቲን ትልልቅ ፊደላት ናቸው። «ቲ» የደኅንነቱን ዓይነት፣ «ኤስ» ስሙን፣ «ፒ» የይለፍ ቃሉን ያስከትላሉ። ለደብሊውፒኤ2ም ሆነ ለድብልቁ ዓይነት ያው «ደብሊውፒኤ» የሚለው ይሠራል። ኔትወርኩ ስሙን እንዲደብቅ ከተደረገ «ኤች» የሚል መለያ ይጨመራል። ስም መደበቅ ግን ጥበቃ አይሆንም፤ በቀላል መሣሪያ ይገለጣል፣ እንግዳውን ግን ያደናግራል። ይቅርባችሁ።

አሁን ምልክቶቹን ልብ በሉ። እያንዳንዱ ክፍል በ«;» ይዘጋል፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ይሆናል። የይለፍ ቃላችሁ ራሱ «;» ካለበት አንባቢው ቃሉ እዚያ ያለቀ ይመስለውና ግማሹን ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ «;» «:» «,» «"» እና «\» ከመጡ በእያንዳንዳቸው ፊት አንድ «\» መግባት አለበት። ጥሩ የኮድ መሥሪያ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ደካማው ይዘለዋል። እነዚህን አምስት ምልክቶች ከይለፍ ቃሉ ካስቀራችሁ ጣጣው ከነጭራሹ አይነካችሁም። አጭሩ ሰረዝ ምንም ችግር የለበትም።

ኮዱን የት ትሠሩታላችሁ?

የመጀመሪያ ምርጫዬ የራሳችሁ ስልክ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ከእንግዳው መስመር ጋር ተገናኙ፤ ከዚያ ወደ ቅንብሮች፣ ወደ ዋይፋይ ገብታችሁ ከኔትወርኩ ስም አጠገብ ያለውን የጥርሳማ መዘውር (ጊር) ምልክት ንኩና «አጋራ» ወይም የካሬ ኮድ ምልክት ያለበትን ፈልጉ። የጣት አሻራ ወይም ፒን ይጠይቃል፤ ከዚያ ኮዱ ይወጣል። በብዙዎቹ ስልኮች ላይ የይለፍ ቃሉ ከሥሩ በጽሑፍ ጭምር ይታያል። በአይፎን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ አይኦኤስ 18 ጀምሮ «ፓስወርድስ» የሚለው መተግበሪያ ውስጥ የዋይፋይ ክፍል አለ፤ ኔትወርኩን ስትመርጡ ኮዱን ያሳያል። የመጣው እንግዳ አንድ ሰው ከሆነና ለማተም ካልፈለጋችሁ ሥራችሁ እዚሁ አለቀ፤ ስክሪናችሁን አሳዩት።

ከኢንተርኔት ላይ ኮድ የሚሠሩ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ነፃ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ የኔትወርክ ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ለማታውቁት ሰው መጻፋችሁ ነው። ግዴታ ከሆነባችሁ ገጹን ክፈቱ፣ ኢንተርኔቱን አጥፉ፣ ከዚያ መረጃውን ሙሉ። ኮዱ ያለ ኢንተርኔት ከተሠራ እዚያው ብራውዘራችሁ ውስጥ ነው የተሠራው። ምስሉን አስቀምጣችሁ ገጹን ከዘጋችሁ በኋላ ኢንተርኔቱን መልሱ።

ከነዚህ ገጾች አንዳንዶቹ «ዳይናሚክ» የሚባል ኮድ ያቀርባሉ፤ በኋላ ይዘቱን መቀየር ይቻላል ብለውም ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ። ለዋይፋይ አትውሰዱት። እንዲህ ያለው ኮድ የሚይዘው የኔትወርኩን መረጃ ሳይሆን ወደ ድርጅቱ ሰርቨር የሚወስድ አድራሻ ነው። ኢንተርኔት የሚፈልገው እንግዳ ያንን አድራሻ በምን ኢንተርኔት ይከፍተዋል? ተራው፣ ቋሚው ኮድ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ የይለፍ ቃሉ እስካልተቀየረ ድረስ ይሠራል፤ ጊዜው የሚያልፍበትም ምክንያት የለም።

ማተምና ማስቀመጥ

ኪውአር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን፣ በዴንሶ ኩባንያ ውስጥ በማሳሂሮ ሃራ የሚመራ ቡድን የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል የፈጠረው ነው። በፋብሪካ ዘይትና አቧራ መካከል እንዲነበብ ስለታሰበ የተወሰነ ክፍሉ ቢበላሽም ራሱን ይጠግናል፤ የጥገናው መጠን አራት ደረጃ አለው፣ በግምት 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ። በሦስት ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ስልኩ ኮዱን ከየትኛውም አቅጣጫ እንዲያገኘው የሚረዱ ናቸው፤ እነርሱ ከተሸፈኑ ግን ጥገናው አያድንም።

ይህ ለካርዳችን ምን ማለት ነው? ካርዱ ብዙ እጅ የሚነካው ከሆነ 25 በመቶውን ደረጃ ምረጡ። ከፍ ያለ ጥገና ማለት ግን የበዙና የደቀቁ ነጥቦች ማለት ስለሆነ ካሬውን ተለቅ አድርጋችሁ አትሙት። ለመጠኑ የምጠቀምበት ልማድ የርቀቱ አንድ አሥረኛ ነው፤ እንግዳው ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚያነበው ካርድ ላይ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚነበብ ግድግዳ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። በዙሪያው የአራት ነጥብ ያህል ስፋት ያለው ባዶ ነጭ ቦታ ተዉ። ካርድ የሚያስጌጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያጠፉት ይህንን ነጭ ነው፤ እስከ ጠርዙ አበባ ይሥሉበታል፣ ከዚያ «ስልኬ አያነብም» ይላሉ። ጥቁሩን በነጭ ላይ አድርጉ። ነጭ በጥቁር ላይ የተገለበጠውን የማያነቡ ስልኮች አሉ፤ ቢጫና ብርማ ቀለም ደግሞ ከጀርባው አይለይም።

የሚያብረቀርቅ ላሚኔት አልወድም። በቀን ደህና የሚነበበው ካርድ ማታ አምፖሉ ሲበራ መሐሉ ላይ ነጭ ብልጭታ ይወድቅበታል፤ እንግዳውም ካርዱን ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ይታገላል። ደብዛዛ ፕላስቲክ ወይም ተራ ወፈር ያለ ወረቀት ይበቃል። ከኮዱ ሥር የኔትወርኩን ስምና የይለፍ ቃሉን ጉልህ በሆነ ፊደል ጻፉ፤ ትንሹ «ኤል»፣ ትልቁ «አይ» እና አንድ ቁጥር የሚለዩበት የፊደል ቅርጽ ይሁን። ከላዩ ደግሞ «ካሜራችሁን ከፍታችሁ ወደዚህ አዙሩ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ካሬው ምን እንደሆነ የማያውቅ፣ መጠየቅም የሚያፍር ሰው ይኖራል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ካርዱ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ የሚደርስበት ይሁን። አክስቴ ቤት መጀመሪያ በሩ አጠገብ ተሰቅሎ ነበር፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጓደኞቿ ለዚያ ብለው አይነሱም ነበርና ወደ ሶፋው ጎን ጠረጴዛ አመጣነው። አሁን ካርዱን አንስተው በእጃቸው ይዘው ያነባሉ። በመስኮት ወደ ውጭ በሚታይበትና በቪዲዮ ስብሰባ ጊዜ ከጀርባችሁ በሚታይበት ቦታ ግን አታድርጉት፤ ከስክሪን ላይ የተቀዳ ምስል እንደ ወረቀቱ ይነበባል።

መሞከር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። የእናንተ ስልክ ኔትወርኩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ኮዱ ውስጥ ያለው የይለፍ ቃል የተሳሳተ እንኳ ቢሆን የተገናኘ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኔትወርኩን ከስልኩ ላይ አስረሱት፣ ከዚያ ከታተመው ካርድ ላይ አንብቡ። ከኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ሳይሆን ከካርዱ ላይ። በአንድ አይፎንና በአንድ አንድሮይድ፣ በተለይም አሮጌ በሆነ ስልክ ሞክሩት፤ እንግዳው በሚቀመጥበት ቦታና በማታ መብራት። ከተገናኘ በኋላ ስሙ ብቻ መታየቱ አይብቃችሁ፤ አንድ ድረ ገጽ ክፈቱ። ከዚያ በእንግዳው መስመር ላይ ሆናችሁ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። የመግቢያ ገጹ ከመጣ መለያየቱ አልተሟላም፤ ወደ ቅንብሩ ተመለሱ።

ራውተሩ ሁለቱን የዋይፋይ ሞገዶች፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝን፣ በተለያየ ስም የሚያወጣ ከሆነ ኮዱ የሚይዘው አንዱን ስም ብቻ ነው። ቢቻል ለሁለቱም አንድ ስም ስጡ። ካልተቻለ 2.4ን ምረጡ፤ ፍጥነቱ ያነሰ ቢሆንም ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፣ አሮጌ መሣሪያዎችም ያውቁታል።

እንግዳው ሲቸገር

አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ አይኦኤስ 11 ጀምሮ በተራው ካሜራ ያነባል፤ የሚመጣውን ማሳወቂያ መንካት ብቻ ነው። አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች በካሜራቸው አያነቡም። ያኔ የዋይፋይ ዝርዝሩ ውስጥ «ኔትወርክ አክል» ከሚለው ጎን ያለችውን ትንሽ የካሬ ምልክት ያስነኩት፤ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ እዚያ አለች። እንግዳ ሁሉ ይህን ምልክት አያውቃትም፤ ብታሳዩት ሌላ ቦታም ይጠቅመዋል።

ብዙ ሰው የሚገባበት ቦታ ካላችሁ ደግሞ ካርዱን በጣታችሁ ዳሰስ የማድረግ ልማድ ይኑራችሁ። የራሱን ኮድ በሌላው ላይ የሚለጥፍ አጭበርባሪ አለ። ትክክለኛ የዋይፋይ ኮድ «ከዚህ ኔትወርክ ጋር ልገናኝ?» ብሎ ስሙን ያሳያል እንጂ ድረ ገጽ አይከፍትም፤ የባንክ ካርድ ወይም የኢሜይል የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ይህን በአንድ አጭር መስመር ካርዱ ላይ ብትጽፉት እንግዳችሁን ታድኑታላችሁ።

መቀየር

ከተገናኙት መካከል አንዱን ለይቶ በኮዱ በኩል ማስወጣት አይቻልም። የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ሁሉም ይወጣሉ፤ የእንግዳው መስመር የተለየ በመሆኑ ግን የቤተሰቡ መሣሪያዎች አይነኩም። ለመኖሪያ ቤት ቋሚ ቀጠሮ አያስፈልግም፤ የካርዱ ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከወጣ፣ የማታውቁት መሣሪያ ሳይጠፋ ከሰነበተ ወይም ኢንተርኔቱ ያለ ምክንያት ከዘገየ ቀይሩት። ለማረፊያና ለቢሮ በየወሩ እመክራለሁ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሠራተኛ ሲለቅ ደግሞ በዚያው ቀን። ብዙ እንግዳ ባለበት ቦታ ሌላም ምክንያት አለ፤ በደብሊውፒኤ2 የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ሌላው ሲገናኝ ቢያደባ ያልተመሰጠረ ልውውጡን ሊያነብ ይችላል፤ ደብሊውፒኤ3 ይህን ዘግቷል።

አዲስ ኮድ በሠራችሁ ቁጥር አሮጌውን ካርድ ቅደዱት፤ በአዲሱ ጀርባ ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። የካርዱን ንድፍ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካስቀመጣችሁት በሚቀጥለው ጊዜ የምትለውጡት ካሬውንና ከሥሩ ያለውን የይለፍ ቃል ብቻ ነው።